ክቡር ይዘጋል

«ይዘጋል» የሚል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ፣ ያ መሥሪያ ቤት ገና አልተከፈተም ማለት ነው። ባንክ ሂዱ፣ ማተሚያ ቤት ሂዱ፣ ሦስት ሠራተኛ ያላት ዳቦ ቤት ሂዱ፤ አንዱ ጥግ ይዞ «ይሄ ነገር አይቆይም» እያለ ታገኙታላችሁ። የደሞዝ ቀን ግን ከሰልፉ ፊት አይጠፋም። በጫማ ፋብሪካው ውስጥ ይህን ከባድ ሹመት የያዙት የማሽን ጠጋኙ ነበሩ፤ ማዕረጋቸውም ክቡር ይዘጋል። ስሙን ያወጣችላቸው የስፌት ክፍሏ አለቃ ናት፤ ያወጣችውም በፍቅር አይደለም፣ ቆሽቷ አሮ ነው።

ቢያርርስ ይፈረድባታል? ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በተቀጠረች በመጀመሪያው ቀን፣ ማሽኑ ላይ አጎንብሳ ክር ስታስገባ ካቻቢቴያቸውን ይዘው መጡ።

«አዲስ ነሽ?»

«አዎ ጋሼ።»

«አይዞሽ፤ ብዙ አትልመጂው። ስድስት ወር አይሞላውም።»

አመነቻቸው! ከፋብሪካው ጀርባ ልትከራየው የነበረውን ቤት ተወችው። ለስድስት ወር ብሎ ዕቃ የሚያጓጉዝ ማን ነው? ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለት አውቶቡስ ትመላለሳለች፤ ከአንዱ ስትወርድ ሌላው ሲሄድ ታየዋለች። ልጇ እናቷን በቀን ብርሃን የምታያት እሁድ ብቻ ነው። ስድስት ወሩ ሃያ ሁለት ጊዜ ሞላ፤ ክቡርነታቸው ግን ዓይናቸውን በጨው አጥበው ሃያ ሦስተኛውን ጀመሩ።

ለክቡር ይዘጋል ምልክት ያልሆነ ነገር የለም። ሥራ አስኪያጁ መኪና ገዛ፤ «አያችሁ? ሊዘጋ ሲል ነው እንዲህ የሚጣደፉት።» መኪናውን ሸጠ፤ «አላልኳችሁም? መኪናው ላይ ደርሰዋል።» የመጸዳጃ ቤቱ ሳሙና ሲያንስ ሊዘጋ ነው፤ ሲበዛም ያለውን አሟጠው ሊዘጉ ነው። አንድ ጊዜ የጥበቃው ወንበር እግሩ ተሰብሮ በጡብ ቢደገፍ፣ የምሳ ሰዓቱን በሙሉ ስለዚያች ጡብ ሲያብራሩ ዋሉ።

እርግጥ ፋብሪካው መልኩን ያልቀየረበት ጊዜ የለም። ድሮ የወንድ ቆዳ ጫማ ይሠራ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሸራ ጫማ ሲያምረው ወደ ተማሪ ጫማ ዞረ። በመርከብ የሚመጣው ርካሽ ጫማ ተማሪውንም ሲቀማው፣ ቦርሳና ቀበቶ ጨመረ። ሰዓት ተቆጣጣሪው ወጥተው በቦታቸው ጣት የሚያነብ ሳጥን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሰው አዲሱን ሥራ ለመልመድ መከራውን ሲያይ፣ ክቡርነታቸው መሀል ቆመው ሟርታቸውን ያወርዱታል። ኧረ ስንቱን ይቻላል!

አለቃዋን ከሁሉ ያንገበገባት ግን የአንዲት ግራኝ ሰፊ ጉዳይ ነው። ስፌቷ አንድ ቀን ጠምሞ አያውቅም። አለቃዋ ሁለት ዓመት ደክማ ያስተማረቻትን ልጅ፣ ክቡርነታቸው በአንድ ምሳ «ወጣት ነሽ፤ ጊዜሽን እዚህ አትጨርሺ» ብለው አስኮበለሏት።

«ጋሼ፣ ምን አደረግኩዎት?» አለች አለቃዋ። «ልጅቷን አስለቀቋት!»

«እኔ እውነቱን ነው የነገርኳት።»

«ታዲያ እርስዎስ? ይዘጋል ካሉ ለምን አይሄዱም?»

ክቡር ይዘጋል ከልባቸው ተገረሙ። «የት እሄዳለሁ? ማሽኑን ማን ይጠግነዋል?»

በሕግ አምላክ! እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? አለቃዋ ትታቸው ሄደች።

ከዚያ ዕለቱ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ስፌት ክፍል ሰብስቦ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተናገረ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጫማው ተሠርቶ ያለቀለት ከውጭ ይመጣል፤ ፋብሪካው መጋዘን ይሆናል፤ ስፌት ክፍሉ ይዘጋል። ራሷ ቃሏ ከአፉ ወጣች። አርባ ሦስት ሰው ከሥራ አስኪያጁ ፊቱን አዙሮ ጥጉን አየ፤ ክቡር ይዘጋል ወደቆሙበት። አለቃዋ መቀስ ይዛለች። «አላልኳችሁም?» ካሉ እንደምትወረውርባቸው ምላለች።

ክቡርነታቸው አመድ መስለዋል።

«ማን ነው የሚዘጋው?» አሉ።

«ጋሼ፣ ባለቤቶቹ ወስነዋል...»

«ማን አባቱ ነው የሚዘጋው አልኩ!»

ወደ መሣሪያ ክፍላቸው ገብተው አንድ ጆንያ እየጎተቱ ተመለሱና ሥራ አስኪያጁ እግር ሥር ዘረገፉት። የውጭ ጫማ ነው፤ ሶሉ የተገነጠለ፣ አፉን የከፈተ። ጎረቤት የጣለውን፣ ዘመድ የሰጣቸውን፣ ለሟርታቸው ማስረጃ ይሆነኛል ብለው ለዓመታት ያጠራቀሙት ነው።

«ገዳያችን ይሄ ነው ብዬ ነበር የሰበሰብኩት» አሉ። «ስፌቱን አይቼዋለሁ፤ አንዱም ክረምት አላለፈም። ይሄ የግንበኛው ጎረቤቴ ነው፤ ሁለት ወር። ይሄ የተሸካሚው፤ ሁለት ወር እንኳ የለውም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው የሚያደርገውን ቦቲ ማን ይሠራለታል? እነዚህ ናቸው የሚሠሩለት!» ወደ አለቃዋና ወደ ሰፊዎቹ አመለከቱ።

ሥራ አስኪያጁ ሁለት ሦስቱን አገላብጦ አየ፤ ጆንያውን ይዞም ሄደ። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። «ባለቤቶቹን ለምኜ ስድስት ወር ሰጥተውናል። የሥራ ቦቲ ሞክሩ። ካልተሸጠ ግን በቃ።»

ያኔ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ክቡር ይዘጋል ዝም አሉ። ማሽን ይጠግናሉ፣ ዘይት ይቀባሉ፣ «እንዴት ነው ጋሼ?» ሲባሉ «ደህና ነው፤ ይሆናል» ይላሉ። ይሆናል! ከእሳቸው አፍ! አለቃዋ እንቅልፍ አጣች። ሳሙናው ጭራሽ ጠፋ፤ ምንም አላሉም። ሲጨንቃት ራሷ ነካካቻቸው።

«ጋሼ፣ የጥበቃው ወንበር ሌላኛው እግሩም ተሰበረ።»

«ይጠገናል፣ ልጄ» አሏት በለዘበ ድምፅ።

መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። አሥራ አንድ ዓመት የተሳደበችበትን ሟርት አሁን ማን ያምጣላት?

በአምስተኛው ወር፣ ቦቲውን ለሠራተኞቹ የሞከረ አንድ የግንባታ ድርጅት ሌላ አንድ ሺህ ጥንድ አዘዘ። ሥራ አስኪያጁ ከደስታው ብዛት የግቢውን በር ቀለም አስቀባ። በማግስቱ ጠዋት ክቡር ይዘጋል በሩ ላይ ቆሙ። እርጥቡን ቀለም በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። ሰፊዎቹ ከኋላቸው ተሰበሰቡ።

«ቀለም?» አሉ። «በዚህ ሰዓት ቀለም? በቃ፣ አልቆለታል። ስድስት ወር አይሞላውም።»

«አፍዎን ይያዙ ጋሼ! ሟርተኛ!» ብላ ጮኸች አለቃዋ። እንባዋ ግን ጉንጯ ላይ ደርሶ ነበር፤ እየሳቀችም ነበር።

በዚያው ቅዳሜ ከፋብሪካው ጀርባ ቤት ተከራየች። ሳይጠሩ መጥተው ዕቃ ሲሸከሙ የዋሉት ክቡር ይዘጋል ናቸው።

«ዕቃሽን ሁሉ አትፍቺው፣ ልጄ» አሏት አልጋውን እያስገቡ። «ነገ ለማሰር ትቸገሪያለሽ።»

መዶሻና መጋረጃ ሰጠቻቸው። እየተነጫነጩ ሰቀሉላት፤ ሚስማሩን ግን ማንም እንዳይነቅለው አድርገው እስከ አናቱ መቱት።