ቁርስ ቤቱ ክፍት ነው

መንገድ ሲጠየቅ በጣቱ ጠቁሞ መተው የማይችል ሰው የሌለበት ከተማ እስካሁን አልገጠመኝም። መናኸሪያው የት ነው ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ፤ ሳትደርሱ የድልድዩን ዕድሜና ባለ ሱቁ ከሚስቱ የተጣላበትን ምክንያት ታውቃላችሁ። የእኛ ከተማ የመርሳው ክቡር ጋሽ ስዩም ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። «ቆይ፣ እኔ ላድርስህ» ያላሉት መንገደኛ የለም። አንዴ ግራና ወደምትባለው ጎረቤት ከተማ የሚሄደው መኪና የት እንደሚቆም የጠየቃቸውን ሰው፣ ጨዋታቸው ስላላለቀ ግራና ድረስ አብረውት ሄደዋል።

እኒህ ሰው ኢንተርኔት ያለው ስልክ የያዙ ቀን ለዓለም አዘንኩ። የእህታቸው ልጅ ቤዛዊት፣ መንገደኞች ራሳቸው በነፃ የሚጽፉትን የጉዞ መምሪያ ከፍታ አሳየቻቸው። የፈለገ ይጽፋል፣ የፈለገ ያርማል፣ የሚከፈለው የለም። ስለ መርሳ የነበረው አንድ መስመር ነው፦ ከወልድያ በስተደቡብ ያለች የመንገድ ዳር ከተማ። ጋሽ ስዩም እንደ ስድብ ቆጠሩት። የትኛው ባጃጅ ነጂ ቀልቡ እንደማያርፍ፣ ወደ ውርጌሳ ሲሄዱ በየትኛው ወገን ቢቀመጡ ፀሐይ እንደማያገኝዎ ሁሉ አስገቡበት። የማያውቋቸው ሰዎች ይሰርዛሉ፣ እሳቸው ይመልሳሉ።

እኔ መርሳን ትቼ አዳማ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ ያንን ገጽ እያነበብኩ እስቃለሁ፤ ሳቁ ሲያልቅ አገሬ ይናፍቀኛል።

አንድ ነገር ግን አናደደኝ። ገጹ «የፍረወይኒ ቁርስ ቤት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፤ ፉሉን ሳይቀምሱ እንዳይሄዱ» ይላል። ፍረወይኒ የጋሽ ስዩም ጎረቤት ነበረች። በጦርነቱ ጊዜ ከመርሳ ከወጣች ወዲህ ያለችበትን የሚያውቅ የለም፤ በሩም እንደተቆለፈ ነው። ደወልኩላቸውና መንገደኛ ማሳሳት ነውር አይደለም ወይ አልኳቸው።

ማንንም እንዳላሳሳቱ ነገሩኝ። ገጹን አምኖ የተቆለፈ በር ላይ የሚቆመውን ሁሉ ቤታቸው አስገብተው፣ ፉል በገዛ እጃቸው ሠርተው ያበላሉ። የእሷን እንደማያክል ደግሞ ያውቃሉ።

«መንገደኛውማ ጠይቆ ይደርሳል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሷ ግን የት ሆና እንደምታየው አላውቅም። ተዘግቷል የሚል እንዳታነብ።»



ባለፈው እሑድ ገጹን ስከፍት አንድ መንገደኛ ቁርስ ቤቱን ሰርዞ «ተዘግቷል» ብሎ ጽፎበታል። ጋሽ ስዩም ዓይናቸውን ሊታከሙ ደሴ ሄደዋል፤ እስኪመለሱ ፉሉን የምትሠራው ቤዛዊት ናት። እዚያ ገጽ ላይ አንድ ቃል ጽፌ አላውቅም ነበር። ቁጭ ብዬ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው ብዬ መለስኩት። ከሥሩም አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ፍረወይኒ፣ ስትመጪ መንገዱ ከጠፋሽ ጋሽ ስዩምን ጠይቂ፤ እሳቸው ያደርሱሻል።