የሊቀመንበሩ ገመድ ስድስተኛ ሆኖ ስለመገኘቱ

ቀን፦ ዓርብ ነሐሴ 24 ቀን 2005 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሸኮ፣ የአረንጓዴ ጥላ ቡና አምራቾች ማኅበር ጽሕፈት ቤት፣ ኮርኒሱ ተመትቶ ባላለቀው ክፍል
የተጠራበት ሰዓት፦ ጠዋት 3፡00፤ የተጀመረበት፦ 4፡10

የተገኙ፦
1. አቶ ገሠሠ፣ ሊቀመንበር (በ4፡10 የገቡ)
2. ወ/ሮ ንጋቷ፣ የመጋዘን ኃላፊ
3. አቶ ይርዳው፣ ቁጥጥር
4. አቶ ካሣዬ፣ አባልና አናጢ (ከመሰላል ላይ)
አስረጂ፦ አቶ አዲሱ፣ ከሚዛን ተፈሪ የመጡ የኔትወርክ ቴክኒሻን
ጸሐፊ፦ የምሥራች ታፈሰ፣ ጽሕፈቷ ስለሚነበብ የተመደበች፣ ድምፅ የማትሰጥ
ያልተገኙ፦ አቶ ተካ (ለቅሶ)

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፣ አቶ ካሣዬ ኮርኒስ እየመቱ ስለነበር የሚታየው እግራቸው ብቻ ነው፤ ይቆጠራሉ ወይ ሲሉ አቶ ይርዳው ጠይቀዋል። አቶ ካሣዬ ከላይ «እየሰማሁህ ነው!» በማለታቸው ተቆጥረዋል።

አጀንዳ 1፦ ገመዱ በምን እንደሚወርድ

አቶ አዲሱ ከየክፍሉ የሚመጡት ስድስት የኔትወርክ ገመዶች ከኮርኒሱ የኢንተርኔቱ ዕቃ ወዳለበት ቁም ሳጥን ሲወርዱ ከመብራት መስመር ራቅ ማለት እንዳለባቸው፣ አለዚያ መብራቱ እንደሚረብሻቸው አስረድተዋል። አቶ ይርዳው የመብራቱ ቱቦ ሰፊ ሆኖ ሳለ ሌላ ግድግዳ መብሳት ማባከን ነው ብለዋል። ወ/ሮ ንጋቷ «እኔና አንተ እንኳ አንድ ክፍል ውስጥ ተስማምተን አልሠራንም፤ እነሱ በአንድ ቱቦ?» ብለዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ በመብራቱ ቱቦ እንዲወርዱ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ የቁጥሮች ቅደም ተከተል

አቶ አዲሱ በየገመዱ ሁለት ጫፍ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በፕላስተር መለጠፉን፣ ኮርኒሱ ከተዘጋ በኋላ የትኛው ገመድ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በዚሁ ብቻ መሆኑን ገልጸዋል። ቁጥሮቹን የጻፈችው ጸሐፊዋ ናት። ለቁም ሳጥኑ ቅርብ የሆነው የተማሪዎች ማንበቢያ ክፍል 1፣ ጥግ ያለው የሊቀመንበሩ ቢሮ 6 ሆኗል።

ሊቀመንበሩ ስድስተኛ የሆነ ሊቀመንበር የትም አይተው እንደማያውቁ ተናግረዋል። ወ/ሮ ንጋቷ «ስብሰባ ስትገባስ ስንተኛ ነህ ጋሼ?» ብለው ጠይቀዋል። ሥነ ሥርዓት እንዲከበር ተጠይቋል። ሁሉም ገመድ ቁጥር 1 ይባል የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ አቶ አዲሱ ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ ወጥተው ተመልሰዋል።

በመጨረሻ ማንም ከማንም እንዳይበልጥ ወረቀቶቹ ሁሉ እንዲነሱ ተወስኗል። አቶ ይርዳው ውሳኔው እስኪጻፍ ሳይጠብቁ ከሁለቱም ጫፍ ልጠው ጨርሰዋል።

አጀንዳ 3፦ የማንበቢያ ክፍሉ ገመድ

ሰኞ የዞን እንግዶች ስለሚመጡ ሊቀመንበሩ ኢንተርኔታቸው እንዲፈጥን የማንበቢያ ክፍሉ ገመድ ለእሳቸው እንዲጨመር ጠይቀዋል። አቶ አዲሱ ገመድ መደራረብ እንደማያፈጥን አስረድተዋል። ሊቀመንበሩ «ሁለት በሬ ከአንድ አይሻልም?» ብለዋል።

ወ/ሮ ንጋቷ የአሥረኛ ክፍል ውጤት ሰኞ በኢንተርኔት እንደሚወጣ፣ በዚህ ዝናብ ልጆቹ ሚዛን ድረስ በጭቃ መሄድ እንደሌለባቸው ተናግረዋል። «ይቺ የምትጽፈው ልጅ ራሷ ተፈታኝ አይደለችም እንዴ? የምሥራች፣ ተናገሪ እንጂ!» ሲሉም ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ «ምንም የለም» ብላለች። ስለ ውጤቷ ማታ ማታ በልቧ የምትለው በስብሰባው ላይ ስላልተነገረ አልተመዘገበም።

በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ገመዱ ለሊቀመንበሩ ተሰጥቷል። ከላይ የመዶሻው ድምፅ ወደ መጨረሻው ጣውላ እየተጠጋ ነበር።

አጀንዳ 4፦ ያልተያዘ አጀንዳ

አቶ አዲሱ ውሳኔውን ለመፈጸም ተነሥተው፣ ከኮርኒሱ ቀዳዳ ከተንጠለጠሉት ስድስት ሰማያዊ ገመዶች የማንበቢያ ክፍሉ የትኛው እንደሆነ ጉባኤውን ጠይቀዋል። ጉባኤው ወደ አቶ ይርዳው ዞሯል። ሊቀመንበሩ የእሳቸውስ የትኛው እንደሆነ ጠይቀዋል። አቶ ይርዳው አንዱን ጎትተው ለማወቅ ሞክረዋል፤ አቶ ካሣዬ «እባብ!» ብለው ከመሰላሉ ስለወረዱ ስብሰባው ለሰባት ደቂቃ ተቋርጧል።

አቶ አዲሱ የገመድ መፈተሻቸው ቴፒ ሌላ ሥራ ላይ መሆኑን፣ ከማክሰኞ በፊት እንደማይመጣ አስታውቀዋል። ሊቀመንበሩ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው «እንግዶቹ ሰኞ ናቸው» ብለዋል። ይህን ሦስት ጊዜ ብለዋል።

በዚህ ጊዜ ጸሐፊዋ እጇን አውጥታለች። በገመዱ ልባስ ላይ በየሜትሩ ቁጥር ታትሞ እንደሚገኝ፣ ወረቀቶቹን ስትጽፍ በየገመዱ ሁለት ጫፍ የታተመውን ቁጥር ከክፍሉ ስም ጋር በዚህ መዝገብ መጨረሻ ገጽ ላይ መያዟን ተናግራለች። አቶ አዲሱ «አንቺ ልጅ፣ ሚዛን መጥተሽ አብረሽኝ ብትሠሪስ!» ብለዋል።

ሊቀመንበሩ እንድታነብ አዘዋል። ጸሐፊዋ መዝገቡን ዘግታ አጀንዳ ሦስት እንደገና ድምፅ ይሰጥበት ብላለች። ሊቀመንበሩ «ይቺ ልጅ ትናገራለች እንዴ?» ሲሉ ወ/ሮ ንጋቷ «ዛሬ ጀምራለች፤ ፍጠን ጋሼ» ብለዋል።

ድምፅ ተሰጥቶ ገመዱ ለማንበቢያ ክፍሉ እንዲመለስ አራቱም እጃቸውን አውጥተዋል። አቶ ካሣዬ መዶሻ የያዘውን እጅ ነው ያወጡት። ጸሐፊዋ ዝርዝሩን አንብባለች። ወ/ሮ ንጋቷም አቶ አዲሱ ስለ ወረቀቱ ልክ ከነበሩ ስለ መብራቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ ብለዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ገመዶቹ በራሳቸው ቱቦ ይወርዳሉ፤ ወረቀቶቹ ይመለሳሉ፤ ማንበቢያ ክፍሉ 1፣ ሊቀመንበሩ 6 ናቸው። አቶ ካሣዬ ዛሬ የመቷቸውን አሥራ አራት ምስማሮች ይነቅላሉ።

ሊቀመንበሩ ስድስተኛ የሚለው ቃል ከመዝገቡ እንዲፋቅ ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ መዝገብ አይፋቅም ብላለች።

ስብሰባው በ6፡35 ተበትኗል፤ ጸሐፊዋ ግን የማንበቢያ ክፍሉ ቁጥር 1 በራሱ ቱቦ ወርዶ ቁም ሳጥኑ እስኪገባ ቆማ ነበር።

የምሥራች ታፈሰ፣ ጸሐፊ