የከድር ዝምታ

ዝምተኛ ሰው ሁሉ አስተዋይ ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር።

ቡታጅራ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጠው ጎረቤቴ ከድር ወሬ የማያልቅበት ሰው ነበር። አንድ ሰሞን ግን ዝም አለ፤ ሲናገርም አፉን በእጁ ይሸፍናል። ሰፈሩ «ከድር በሰለ» ብሎ ሽማግሌ አደረገው። የተጣሉ ሰዎች ሲመጡ አዳምጦ ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። እነሱም ንቅነቃውን ለመፍታት ሲጨነቁ ይታረቃሉ። ዝናው እስከ ጎረቤት ከተማ እንሴኖ ደረሰ።

አንድ ቀን ሱቁ ገብቼ፣ «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ድዴ ይደማል፤ አፌም ይሸታል» አለኝ በሹክሹክታ። «ድዴ ይረፍ ብዬ ጥርሴን መቦረሽ ከተውኩ ስድስት ወር ሆነኝ።»

ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ አየችውና፣ «ጋሼ፣ ያደማዎት ብሩሹ አይደለም» አለችው። «ድድዎ ሥር በተጠራቀመው ቆሻሻ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፤ የሚያቆስልዎት እሱ ነው። መቦረሽ ሲተዉ ተመቸው። ቢቆዩ ጥርስዎ ይነቃነቅ ነበር።»

እንደ ድንጋይ የጠጠረውን ቆሻሻ አጸዳችለት፤ ጠዋትና ማታ በቀስታ እንዲቦርሽም አዘዘችው። ከሳምንታት በኋላ ደሙ ቆመ። ከድር «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ከዚያም ሌላ ብዙ ነገር አለ።

በሳምንቱ በአጥር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች መጡ። ከድር እጁን ከአፉ አንስቶ ታሪኩን ከአያታቸው ልጅነት ጀመረላቸው። አባታቸው ገና ሳይወለድ ታላቅየው ተነሣ።

«ተስማምተናል» አለ።

«በምን?» አለ ከድር። «ወደ አጥሩ እኮ ገና አልደረስኩም።»

ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው በሩን አልፈው ነበር።