የዳክዬው ብሩሽ

የጥርስ ብሩሽ መምረጥ ቀላል ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር፤ እህቴ እናትነሽ ጥርሷ ላይ ማቃኛ ሽቦ እስካስደረገች ድረስ።

እኛ ብቸናዎች መቼም ከመፋቂያ ጋር ነው ያደግነው። አንዲት የክትክታ እንጨት አፋችን ውስጥ ሰክተን ገበያ እንወጣለን፣ ሰላምታ እንሰጣለን፣ ሰው እናማለን። ሽቦ ላይ ግን መፋቂያ ምን ይሠራል? ጭራሽ ቃጫው ተሰንቅሮ ይቀራል። ባሕር ዳር ያለው ሐኪሟም አስጠንቅቋታል፤ ጭንቅላቱ ትንሽ፣ ፀጉሩ ለስላሳ ብሩሽ ግዢ፣ በበላሽ ቁጥር አጽጂ፣ አለዚያ ጥርስሽ ከሽቦው ሥር ይበሰብሳል፣ እኔም እፈታዋለሁ ብሏታል።

በዕድሜ አባት የምሆናት ታላቅ ወንድም አይደለሁ? የብቸናን ሱቆች አዳረስኳቸው። ለስላሳ ባልኩ ቁጥር ባለ ሱቁ ፊቱን ያጨማድዳል። አንዱማ «ጋሼ፣ ገንዘብዎን አይጣሉ፤ ለስላሳው ወዲያው ይተኛል» ብሎ መከረኝ። እውነቱን ነው ብዬ ፈረስ የሚቦርሽ የሚመስል ቀይ ብሩሽ ገዛሁላት። ድዷን አደማው። እኔን እንዳይከፋኝ ብላ ግን ምንም አላለችኝም፤ እህቴ እንዲህ ናት። በኋላ፣ ከምታስተምርበት ከሞጣ፣ ራሷ ፈልጋ ልኩን አገኘች። የሕፃናት ብሩሽ ነው፤ እጀታው ላይ ቢጫ ዳክዬ አለበት። ሻጩ ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው ቢላት፣ ሃያ ዘጠኝ ብላው ወጣች።

ሳቂታ ነበረች። ሽቦው ከገባ ወዲህ ግን አፏን በነጠላ መሸፈን አመጣች። ሰው ፊት አትስቅም፣ ብዙም አትናገርም። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ዝምስ አይነቅዝ ይሆናል፤ ጥርስ ግን ይነቅዛል።

ጣጣው የመጣው በእጮኛዋ እናት ቤት ነው። እትዬ ጠጄ ይባላሉ፤ ሞጣ ውስጥ በወጥ አሠራር የሚታወቁ ሴት ናቸው። የወደፊት ምራታቸውን ሊተዋወቁ ምሳ ጠሯት፣ እኔም አብሬ ሄድኩ። ዶሮው ቀረበ። እናትነሽ በነጠላዋ ሥር አቀርቅራ በላች፣ ጉርሻም ተቀበለች። ከገበታው እንደተነሣን ግን ዳክዬውን ከቦርሳዋ አውጥታ ጓሮ ወረደችና ጥርሷን ትፈትግ ጀመር። እትዬ ጠጄ በመስኮት አዩዋት።

በሰው ቤት በልቶ፣ ገበታው እንኳ ሳይነሣ አፍን በሳሙና መፈተግ ምን ማለት ነው? እኛ ዘንድ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ምግብሽ አስጸየፈኝ ነው። እትዬ ጠጄ ያን ቀን በወጉ ሸኙን። ከሰነበቱ በኋላ ግን ለልጃቸው፣ እጄን የተጸየፈች ምራቴ አትሆንም፣ ሠርጉ ይቅር አሉት። ሽቦ አስራ ነው ብሎ ቢያስረዳቸው፣ የምን ሽቦ፣ እኔ ሽቦ አላየሁም አሉ። ከየት ያዩታል? ነጠላው መች ተገልጦ!

እናትነሽ አለቀሰች። ይዣት እትዬ ጠጄ ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የሽምግልና ቃል ሳዘጋጅ ነበር፤ አንዱንም አልተጠቀምኩበት። እትዬ ጠጄ ቢቀየሙም እንግዳ ጦሙን አይሸኙም፤ ጎመን በእንጀራ አቀረቡልን። እናትነሽ በልታ ስትጨርስ ብሩሿን አላወጣችም። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደችና «እማማ፣ እስኪ ይዩኝ» ብላ ጥርሷን ገለጠች። ጎመኑ ሽቦው ላይ ከዳር እስከ ዳር እንደ ብቅል ተሰጥቷል።

እትዬ ጠጄ አገጯን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሯት።  ከዚያ «ልጄን፤ ይህን ሁሉ ተሸክመሽ ነው ያን ዶሮ የበላሽልኝ?» አሉና ማንቆርቆሪያውን ራሳቸው አነሡ። ጓሮ ወርደው እሳቸው ውኃ ያፈስሳሉ፣ እሷ ትቦርሻለች። ስትመለስ አፏን ሳትሸፍን እየሳቀች ነበር። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

እንግዲህ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብዬ በምክር ልቋጭላችሁ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ነገሩ በዚያ አላበቃም። ሠርጉ ተደገሰ፣ ሽቦውም ጊዜውን ጨርሶ ተፈታ። እትዬ ጠጄ ግን ልማዱን ወደዱት። አሁን እሳቸው ቤት ከምሳ በፊት እጅ፣ ከምሳ በኋላ ጥርስ ያስታጥባሉ። በቀደም ሞጣ ሄጄ፣ ጠግቤ በልቼ፣ መርቄ ልነሣ ስል ፊታቸው ጠቆረ። ምን አጠፋሁ ብዬ እህቴን በዓይኔ ጠየቅኋት። ጠጋ ብላ፣ ሳይቦርሽ የሚሄድ እንግዳ ምግባቸውን የናቀ ይመስላቸዋል አለችኝ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዳክዬ ያለበት አዲስ ብሩሽ ተሰጠኝ። ጓሮ ወርጄ የቀሩኝን ጥቂት ጥርሶች ነካ ነካ ባደርግ፣ እትዬ ጠጄ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ቆመው «ጠበቅ አድርገው እንጂ» አሉኝ፤ «ዶሮ እኮ ነው የበሉት።»