መጋቤ ፍላሽ ምሥጋናው

ስልክ ጠጋኝ ማለት የማያውቀውን ነገር ከሚያውቀው ይልቅ በልበ ሙሉነት የሚናገር ፍጡር ነው። ይህን ፍርድ የሰጠሁት ከሃያ ዓመት የሥነ ምግባር መምህርነት በኋላ ስለ ነበር፣ ይግባኝ ይጠየቅበታል ብዬ አላሰብሁም።

ዋናው ማስረጃዬ የላሊበላው መጋቤ ፍላሽ ምሥጋናው ነበር፤ ሹመቱን የሰጠሁትም እኔው ነኝ። የትኛውም ስልክ ቢመጣለት ቃሉ አንድ ነው፦ «ሶፍትዌር ነው!» የወይዘሮ አሰለች ስልክ ከጠላ ጋን ወጥቶ ጌሾ እየተፋ ቢመጣም «ሶፍትዌር ነው!» አለ። ከዚያ ላፕቶፑን ይከፍትና፣ የማያውቃቸው የሩቅ አገር ሰዎች ሠርተው በነፃ በለቀቁት ፕሮግራም የስልኩን ሲስተም እንደ አዲስ ይጭናል፤ ይህን «ፍላሽ ማድረግ» ይሉታል። «ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ያርመዋል» ይላል፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው።

አንድ ቅዳሜ፣ ገበያተኛው ሱቁን ሞልቶት ሳለ፣ «ባለቤት በሌለው መሣሪያ የሰው ንብረት የሚነካ ሌባ ነው» አልሁ። ሰው ሳቀ። ምሥጋናው የያዘውን ስልክ መፍታቱን ቀጠለ።

በወሩ የእኔው ስልክ ሲበራ የሚታየው አርማ ላይ ተተክሎ ቀረ፤ አልፎ አይከፈትም። ውስጡ የሟቹ አባቴ የመሪጌታ ሞላ ቅኔ በድምፅ አለ። ቅኔ አንዴ ይባላል እንጂ አይደገምም፤ እርሳቸውም በወረቀት አላሰፈሩትም።

ሌባ ወዳልሁት ሰው በምን ፊቴ ልሂድ? ያንኑ ፕሮግራም በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር በድብቅ አውርጄ ራሴ ጫንሁ። ስልኩ ጭራሹን ጨለመ። በነጋታው አንገቴን ደፍቼ የምሥጋናው ሱቅ ገባሁና ያደረግሁትን ተናገርሁ።

«መምህር፣ የየትኛውን ሞዴል ፋይል ነው የጫኑት?»

«ስሙ ከስልኬ ስም ጋር አንድ ነው።»

«ስምማ! ላሊበላ ውስጥ ስንት ገብረመስቀል አለ? የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ይሰጡታል? ፕሮግራሙስ አላስጠነቀቀዎትም?»

«አስጠንቅቆኛል።»

«ታዲያ?»

«እኔን የሚያስጠነቅቅ ማን ነውና ብዬ አለፍሁት።»

ሳቁን ዋጠ። «ሶፍትዌር ነው» አለኝ፣ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ እያወቀ።

ሁሉንም አጥፍቶ መጫን በቀለለው ነበር። እርሱ ግን የአባቴ ድምፅ ያለበትን ክፍል ሳይነካ ሲስተሙን ብቻ ለመጫን ግማሽ ቀን አጎንብሶ ዋለ። የሞዴሉን ቁጥር በአጉሊ መነጽር ሦስት ጊዜ አነበበ፤ እኔ የተማሪ ፈተና እንዲያ አርሜ አላውቅም።

ከቀትር በኋላ ስልኩ በራ፤ የአባቴ ድምፅ ሱቁን ሞላው። ምሥጋናው ኮፍያውን አውልቆ፣ ቅኔው እስኪያልቅ ቆመ።

ከእኛ በቀር ሰው አልነበረምና ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ያውም በሹክሹክታ። «ኧረ ምንም አይደል፣ መምህር» አለ። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የሰደብሁት ቅዳሜ፣ በገበያተኛ ፊት ነበር፤ ይቅርታውም የሚገባው ቅዳሜ፣ በገበያተኛ ፊት ነበር።