ጋሼ ጣፊና አሥራ ሰባተኛው ፓች

ሶፍትዌር የሚያሽግ ቢሮ ሁሉ አንድ ጋሼ ጣፊ አለው፤ የሌለው ካለ ገና ጉዱ አልፈላም ማለት ነው። የኛው እግሩ አያርፍም፦ ከእኔ ጎን ካለው ወንበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ እኔ ትከሻ። ሻይ እንኳ ቆሞ ነው የሚጠጣው።

ሥራችን ሌሎች የጻፉትን ፕሮግራም ተቀብለን፣ እንከኑን አርመን፣ አሽገን ለደንበኛ መላክ ነው። ክቡርነታቸው ግን ከዋናው ኮድ አንዲት ፊደል ከተነካች ያብዳሉ። "ዋናውን አትንካ! ጣፍበት!" እርማቱ ለብቻው በትንሽ ፋይል ይቀመጣል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ አናቱ ላይ ምክንያቱ ይጻፋል፤ ስናሽግ ማሽኑ ዋናው ላይ ይለጥፈዋል። ፓች የምንለው እሱን ነው። ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ሦስት ጊዜ ምክንያት አስጽፎኝ ሦስቱንም መልሶብኛል። "ምክንያቱ አያሳምንም።"

እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ። አምና የአንድ ሆስፒታል የመድኃኒት ፕሮግራም ነጥብ እየዋጠ፣ 2.5 የሚለውን መጠን 25 ብሎ ሲያትም ያዝኩት። ጋሼ ጣፊ ለምሳ እስኪወጣ ጠብቄ ዋናው ላይ አረምኩት። ማን አየኝ?

ባለፈው ሰኞ አዲሱ ዕትም መጣ። አሮጌውን አጥፍቼ አዲሱን አሸግኩ። ሆስፒታሉ ስድስት ሰዓት ላይ ሊጭነው፣ አምስት ተኩል ላይ ብሞክረው፦ 25! ክው አልኩ። እርማቴ ከአሮጌው ጋር ጠፍቷል፤ የቱ መስመር ላይ እንደነበር እንኳ አላስታውስም። በሽተኛው ይህን ቢውጥስ?

ጋሼ ጣፊ እየተንቆራጠጠ መጣ። "ምነው፣ ፊትህ አመድ መሰለ?"

"ጋሼ፣ አምና ዋናውን ነክቼ ነበር።"

"አውቃለሁ። ተነስ እስቲ።"

ለካ ያን ቀን ከምሳ ሲመለስ ያልተነካውንና የነካሁትን አስተያይቶ፣ ልዩነቱን ፓች አድርጎ ለእንዲህ ያለ ቀን አስቀምጦት ኖሯል። ለጠፈው። ቦታው በአዲሱ ዕትም ሃያ መስመር ያህል ወደ ታች ወርዶ ነበር፤ ፓቹ ግን ከላይና ከታች ባሉት መስመሮች ለይቶ አገኘው። 2.5! አናቱ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ቁጥር 17። ምክንያት፦ ሰው እንዳይሞት። ያገኘውም ያረመውም፦ ችኩሉ ጎረቤቴ፤ ዓይኑ ግን አይስትም።"

እንባዬ መጣ። እሱ መስኮቱ ጋ ደርሶ ተመልሷል። "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" አለኝ ሲያልፍ።

በማግስቱ "ችኩሉ" የምትለዋን የሚያወጣ አሥራ ስምንተኛ ፓች ሠርቼ ሰጠሁት። ምክንያት፦ ጎረቤትዎ ተሻሽሏል።

"ምክንያቱ አያሳምንም" ብሎ መለሰው።

ይሁን። አሁን ያችን ቃል ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም።