አንገት ላይ የሚንጠለጠለው

ከአንዲት ወፍጮ ተነስቼ ጎንደር ላይ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ብዙ አይቻለሁ እላለሁ። ለካ ምንም አላየሁም! የሰሞኑን ስሙና ፍረዱኝ።

አያ ታከለ የማክሰኝት ገበሬ ነው፤ አብሮ አደጌ። በእርሻ ድንበር ተጣልቶ የእህቱን ባል፣ ዋሴን፣ በዱላ እጁን ሰበረው። ዋሴ ሁለት ጎረምሳ ልጆች አሉት፤ ሁለት ጠመንጃም አላቸው። ሁሉን መቁጠር ልማዴ ነው፤ ይህን ሒሳብ ግን እስከ መጨረሻው ላሰላው ፈራሁ። ሽማግሌ ሆኜ ገባሁ። ዋሴ፣ ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ይውደቅ፣ ይቅር እላለሁ አለ። በእኛ ዘንድ ያጠፋ ሰው ምሕረት ሲለምን አንገቱ ላይ ድንጋይ ይሸከማል። አያ ታከለ ግን፣ "በዚህ ሽበቴ? ብሞት ይሻለኛል!" ብሎ አሻፈረኝ አለ።

ላባብለው ፒያሳ ሻይ ቤት ወሰድሁት። ቴሌቪዥኑ ላይ ሙሉ ልብስ የለበሰ የባዕድ አገር ሽማግሌ ጎንበስ አለ፤ አንገቱ ላይ ክብ ነገር አንጠለጠሉለት። የሚዋጉ አገሮችን አስታርቆ ዓለም አቀፍ የሰላም ሽልማት መሸለሙ ነው።

አያ ታከለ ሻዩን አስቀመጠ። "ምን አጥፍቶ ነው?" አለኝ።

ክው አልሁ! ሳቄ መጣ፤ ዋጥሁት። እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? ሁለቱ ጠመንጃዎች ትዝ አሉኝ። ከባድ ጥፋት ሳይሆን አይቀርም አልሁት።

"ይህን የሚያህል ሰው? በዓለም ፊት?" ራሱን ነቀነቀ። "ድንጋዩስ ምነው እንዲህ አነሰ?"

በማግስቱ ድንጋዩን ተሸክሞ ዋሴ እግር ላይ ወደቀ። ተቃቀፉ። ጎረምሶቹም አጎታቸውን ሳሙ። ሸጋ ነው፣ አይደል? ቆዩ።

በሳምንቱ አያ ታከለ የግቢዬን በር ሊገነጥለው ደረሰ። ተማሪ ዘመዱ የሽልማቱን ነገር አስረድቶታል። ዕርቁ ፈረሰ ብዬ በሩን ከፈትሁ። እሱ ለካ የመጣው በሌላ ነው።

"ያ ሰውዬ አስታራቂ ነው አሉ" ብሎ ጮኸብኝ። "አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለው ለአስታራቂው ከሆነ፣ ምነው እኔን አሸከምኸኝ? አስታራቂው አንተ አይደለህ?"

ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ነሳኝ፤ ሽማግሌም ላከብኝ። ሽማግሌው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እጁን በፋሻ ያንጠለጠለው ዋሴ! "አያ ጌጡ፣ በዚህ ዕድሜ ይዋሻል?" ብሎ ገሠጸኝ። በደኅነኛው እጁ ድንጋይ ይዟል።

"አይዞህ" አለኝ፣ "ቀለል ያለውን መርጬልሃለሁ።"